የእትዬ ሄሎ ደንብ

እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው በመንደሩ ቢፈለግ ሦስት አይሞላም። ትልቅ ትንሹ የሚያውቃት እትዬ ሄሎ በሚል ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ማዞሪያ ቤት ኦፕሬተር ሆና ኖራ፣ ጡረታ ወጥታም እንኳ በሯ ሲንኳኳ «ማነው?» ማለት አልሆነላትም። «ሄሎ!» ትላለች ከውስጥ። ወተት ሻጭም ይሁን ቆጣሪ አንባቢ፣ ለሁሉም ሄሎ ነው። ስሙ እንዲህ ተለጥፎባት ቀረ፤ እሷም አልተቀየመችም፤ ከዚህ የባሰ ቅጽል ስም የወጣላቸው ጎረቤቶች አሏት።

የማዞሪያ ቤቱን ሥራ የዛሬ ልጆች አያውቁትምና ትንሽ ላስረዳ። በዚያን ጊዜ ስልክ ስታነሱ የምታገኙት የፈለጋችሁትን ሰው ሳይሆን እትዬ ሄሎን ነው። ማዳመጫው ጆሮዋ ላይ፣ ገመዱ እጇ ላይ፣ ፊት ለፊቷ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ሰሌዳ። እናንተ ሰው ትጠሩላታላችሁ፣ እሷ ገመዱን ትሰካለች፣ የምታገናኝበትን ከተማ ስም ጮክ ብላ ትጠራለች፣ ከጎኗ ያለችው ባልደረባዋ መስመሩን ትከፍታለች። አራት ሺህ ቁጥር በቃሏ ታውቅ ነበር። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን ለማን በቀን አምስቴ እንደሚደውል ታውቅ ነበር፤ ግን አፏ ቁልፍ ነው። ከዚያ አንድ ቀን አዲስ ማሽን መጣና ሰው ሁሉ ራሱ ለራሱ መደወል ጀመረ። ማዞሪያ ቤቱ ተዘጋ። እሷም አራት ሺህ የሞተ ቁጥር በጭንቅላቷ ተሸክማ ቤቷ ገባች።

ቤት መዋል ክፉኛ ከበዳት። ከበሯ ፊት ለፊት ሁለት ወንበርና አንድ የተሰነጠቀ መስተዋት ያለው ፀጉር ቤት አለ፤ ጠዋት ጠዋት እዚያ ሄዳ ወረፋ ጠባቂዎች መሐል ትቀመጥ ጀመር። ፀጉር አስተካካዩ የአርባ አምስት ዓመት ጎልማሳ፣ የወሬ ጎተራ ነው። መቀሱ ቢያርፍ እንኳ ምላሱ አያርፍም። አንድ ቀን ማጉረምረሟ ሰለቸውና፣

«እትዬ፣ ስልክሽን አምጪው እስቲ» አላት።

«ምን ልታደርገው?»

«የሰፈሩ ሰው በሙሉ የሚያወራበት ቦታ አለ። እዚያ ላስገባሽ። ደንበኞቼን ከምታስደነብሪብኝ እዚያ ሄደሽ ተነታረኪ።»

አስገባት። እሷም መነጽሯን አድርጋ፣ በአንድ ጣቷ እየለቀመች የመጀመሪያዋን መልእክት ጻፈች። «ሄሎ።» ሌላ ምንም የለ። አርባ ሁለት ሰው «ሄሎ» ብሎ መለሰላት። ወይ ጉድ! ከማዞሪያ ቤት ወዲህ አርባ ሁለት ሰው በአንድ ቀን ሄሎ ብሏት አያውቅም። ያን ቀን ምሳ መብላት ረሳች።

መንደሩ እዚያ ውስጥ ሲያወራ ውሃ ጠፋ ነው፣ መብራት መጣ ነው፣ የማን ድመት ነው ጣሪያችን ላይ የምታለቅሰው ነው። ስድቡም አይጣል ነበር። መቼም ሰው ፊት ለፊት ሲነጋገር አንደበቱን ይገራል፤ ጣት ግን ገሪ የለውም። ታዲያ አንድ ቀን አንዱ፣ «ድሮ እዚህ አካባቢ የነበሩ አንድ አናጢ የት እንደገቡ የሚያውቅ አለ?» ብሎ ጠየቀ። እትዬ ሄሎ የአናጢውን የቀድሞ ቁጥር፣ የሚስታቸውን ወንድም፣ የገቡበትን ከተማ ሳታመነታ ታውቃለች። ለጠያቂው ግን ትንፍሽ አላለችም። መጀመሪያ አናጢውን አፈላልጋ ደወለችና «እንዲህ የሚባል ሰው ይፈልግዎታል፤ ላገናኛችሁ?» አለቻቸው። «ኧረ አገናኚን!» አሉ። አገናኘቻቸው።

ከዚያማ ማን ይቻላት! አክስቱ የጠፋችበት፣ የልጅነት ጓደኛው የራቀው፣ አስተማሪውን ማመስገን የፈለገ ሁሉ ይጠይቃት ጀመር። «የራሳችንን ገጽ እንክፈት» አላት ፀጉር አስተካካዩ፤ ከፈቱ፤ ስሙንም «ማን የት ነው?» አሉት። በዓመቱ ስልሳ ሺህ ሰው፣ በሦስተኛው ዓመት ሦስት መቶ ሺህ ሰው ገባበት። አንድ የመጋዘን ዘበኛ ሠላሳ ዓመት ያላያቸውን አጎቱን አገኘበት። እሷም ስትሄድ ቀና፣ ስትቀመጥ ሞላ ማለት ጀመረች። ምን ታድርግ፣ እንደገና ሰው የሚፈልጋት ሰው ሆነች።

ደንቡን ያወጣችው እሷ ናት። ፈላጊው በገጹ ላይ ማስታወቂያ ያወጣል፤ ተፈላጊውን ያየ ሰው በአደባባይ አይጽፍም፣ በመልእክት ሳጥኑ ለእሷና ለፀጉር አስተካካዩ ብቻ ይናገራል፤ በአደባባይ ከጻፈ ይሰረዝበታል። ተፈላጊው ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። እሺ ካለ ይገናኛሉ። እምቢ ካለ፣ ማስታወቂያው ይነሳና ለፈላጊው አንዲት አጭር ጽሑፍ ትላካለች፤ «ፈልገን አላገኘንም። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።» ልብ በሉ፣ በእውነት ያልተገኘ ሰው ማስታወቂያ አይነሳም፤ ዓመትም ሁለት ዓመትም እዚያው ይቆያል። ያቺ ጽሑፍ የምትላከው ተፈላጊው ተገኝቶ «አልፈልግም» ሲል ብቻ ነው። ይህን የሚያውቁት ሁለቱ ናቸው። ሌላ ማንም አያውቅም።

አንድ ጊዜ አንድ ሰው የሚስቱን ፎቶ ይዞ መጣ። «ቤቴን ጥላ ጠፋች፤ ሌሊት እንቅልፍ የለኝ፤ የምትወዱኝ አድርሱልኝ» ብሎ ጻፈ። ሕዝቡ አለቀሰለት፤ አሥራ ሁለት ሺህ ሰው ለሌላ ሰው አጋራለት። በሦስተኛው ቀን ሴትየዋ ተገኘች። እትዬ ሄሎ ደወለችላት። ሴትየዋ የባሏን ስም ስትሰማ ስልኩን ዘጋችው፤ መልስ ማለት ይኸው ነው። ለሰውየው ያቺ ጽሑፍ ተላከች። እሱ ግን ነገር ገብቶት ኖሮ አገር ምድሩን ቀሰቀሰባቸው። «ደብቀዋታል!» አለ። ሕዝቡም ያንን ሁሉ እንባ በአንድ ቀን ወደ ስድብ ገለበጠው። «ይቺ አሮጊት ትዳር አፍራሽ!» አንዱ፤ «ማን ሾማት?» ሌላው። ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበባቸው።

ፀጉር አስተካካዩ ተበሳጨ። የደንበኛውን ጆሮ አጥፎ እየላጨ፣

«እትዬ፣ አሁን ይቺ ደንብ ሁሌ ልክ ናት?» አላት። «ምናልባት ሰውየው ተጸጽቶ እንደሆነስ? አንዳንዴ ሰውን ማስታረቅም ጽድቅ ነው እኮ።»

ደንበኛው ከፍሎ እስኪወጣ ጠበቀች። ከዚያ፣

«እህት ነበረችኝ» አለች።

አሥር ዓመት ሲተዋወቁ እህት እንዳላት ሰምቶ አያውቅም። መቀሱን አስቀመጠ።

ታናሽ እህቷ ናት። ባሏ ይደበድባት ነበር፤ አንድ ቀን በለበሰችው ልብስ ወጥታ ሄደች። በሩቅ ከተማ ቤት ተከራየች፤ ስልክ አስገባች። ቁጥሩንና ከተማውን የምታውቀው እትዬ ሄሎ ብቻ ነበረች። ባልየው በየቀኑ ማዞሪያ ቤት ይደውላል። ይለምናል፣ ያለቅሳል። ስድስት ወር እምቢ አለችው። በሰባተኛው ወር እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ ደወለና አንጀቷን በላት። ቁጥሩን አትሰጠውም፤ እሷ ራሷ ገመዱን ሰክታ ታገናኘዋለች፣ ይቅርታውን ይጠይቃል፣ ከዚያ ትነቅለዋለች። ምን ክፋት አለው? ገመዱን አነሳች፣ ሰካች፣ እንደ ወትሮዋ፣ በየቀኑ ሁለት መቶ ጊዜ እንደምታደርገው፣ የከተማውን ስም ጮክ ብላ ጠራች።

መስመሩ ክፍት ነበር። ሰውየው ሰማ።

«አልኩት እኮ!» አለች እትዬ ሄሎ፣ ጉልበቷን በመዳፏ እየመታች። «ማንም አላስገደደኝም። አፌ ለምዶ ነው። እጄ ሲሰካ አፌ ይጠራል፤ እንዲህ ነበር ሥራችን። በሦስተኛው ቀን ደጃፏ ደረሰ። ክንዷን ሰበረው። ከሆስፒታል ወጥታ የት እንደገባች እስከ ዛሬ አላውቅም። አንድ ደብዳቤ ነው የጻፈችልኝ፤ 'የት እንዳለሁ አለማወቅሽ ነው የኔ ደህንነት' ብላ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት።»

ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠና፣

«ሰውየውስ?» አለ።

«ሞተ። አራት ዓመቱ።»

«ታዲያ እትዬ! የሰው አክስት የሰው አጎት ስትፈልጊ የምትውይ ሴትዮ፣ የራስሽን እህት ለምን አትፈልጊም?»

«በምን ዓይኔ?» አለች። «በምን ዓይኔ ልያት?»

ይህን አለች እንጂ ነገሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ውስጧን ይበላት ጀመር። የሚያሰጋት ሰው አፈር ገብቷል። ማን ያውቃል፣ እህቷም ይህን አታውቅ ይሆናል፤ እስካሁን እየተደበቀች ትሆናለች። ወይ ደግሞ፣ እዚህ ላይ ስትደርስ ሐሳቧን ታባርረዋለች፣ ወይ ደግሞ ሞታለች። ክንዷ የተሰበረ፣ ገንዘብ የሌላት፣ ብቻዋን የሄደች ሴት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ በሐሳቧ ቀብራታለች! አልቅሶ የሚቀመጥበት ሐዘን የለ፣ ደስ የሚል ተስፋ የለ፤ በሁለቱ መሐል ተንጠልጥላ ነው የኖረችው።

በሳምንቱ ማስታወቂያውን ራሷ ጻፈችው። አራት ጊዜ ጻፈች፣ አራት ጊዜ ሰረዘች። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፤ «ታናሽ እህቴን እፈልጋለሁ። ያሳደዳት ሰው ሞቷል። የበደልኳት እኔ ነኝ።» የእህቷን የልጅነት ፎቶ አብራ አደረገች። ከዚያ መንገዱን ተሻግራ ፀጉር ቤት ገባችና ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«የራስን ጉዳይ ራስ አይዳኝም» አለችው። «ይህን አንተ ነህ የምትይዘው። ሳጥኑን ይህ እስኪያልቅ አልከፍትም። የሚደወለውንም አንተ ደውል። እንደማንኛውም ሰው አድርገህ ያዘኝ። ሰማህ?»

«ኧረ እትዬ፣ እኔና አንቺ...»

«እንደማንኛውም ሰው አልኩህ!»

ሕዝቡ ደግሞ ያው ሕዝብ ነው፤ ሰድቦ ሳይጨርስ ማልቀስ ጀመረ። ትዳር አፍራሽ ያላት ሁሉ «እናታችን፣ አይዞሽ» አላት። አርባ ሺህ ሰው አጋራው። እሷ እያንዳንዱን አነበበች። አንዷ «እህቶች ይታረቃሉ፣ ደም ውሃ አይሆንም» ብላ ጽፋ ነበር፤ ይቺን ደጋግማ አነበበቻት። የመልእክት ሳጥኑን ግን አልነካችም። ጠዋት ጠዋት ፀጉር ቤት ትሄዳለች፣ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች፣ የፀጉር አስተካካዩን ፊት ታያለች። እሱም ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፤ ገና ነው ማለቱ ነው። ከዚያ ስለ መንደሩ፣ ስለ ኳሱ፣ ስለ አማቱ ይለፈልፋል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አልለፈለፈም። ስትገባ ቀና ብሎ አላያትም። አንዱን ሽማግሌ እየላጨ አገጫቸው ሥር ቆረጣቸው፤ ሽማግሌው «ምን ነካህ አንተ፣ ልታርደኝ ነው?» ብለው ጮኹ። በሃያ ዓመት ሥራው ሰው ቆርጦ አያውቅም። እትዬ ሄሎ ምንም አልጠየቀችም። ተነሳችና ቤቷ ገባች። ሆዷ ግን አወቀ።

ከቀትር በኋላ ስልኳ ጮኸ። ማስታወቂያው ተነስቷል። ከሥሩ ያቺ ጽሑፍ አለች። ፊደል አልጨመረ፣ ፊደል አልቀነሰ፣ «እትዬ» እንኳ አላላት፤ እንደማንኛውም ሰው።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ፀጉር አስተካካዩን ረገመችው። ያ ወሬኛ፣ ያ አፈ ጮማ፣ ድምጿን ሰምቷል! እሱ የሰማውን እሷ አልሰማችም። ከዚያ ስልኳን አየችው። ሳጥኑ እዚያው ነው፤ ሁለት ጊዜ ጣት ማሳረፍ ብቻ ነው። ቁጥሩ አለበት፤ ምናልባት ከተማውም አለበት። ማን ያያታል? ገጹ የሷ፣ የሚስጥር ቁልፉ የሷ፣ እህቲቱ የሷ። ደግሞስ ምን ልታደርጋት ነው? ልትደበድባት ነው? ትደውላለች፣ «ሄሎ» ስትል ትሰማታለች፣ ትዘጋዋለች። ድምጿን ብቻ። አንድ ጊዜ ድምጿን ብቻ ሰምታ መዝጋት።

ጣቷ ስልኩ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ለፀጉር አስተካካዩ ታሪኩን ስትነግረው ያስቀረችው አንድ ነገር ነበር። ያ ሰውዬ ስድስት ወር ተከልክሎ በሰባተኛው ያሸነፋት በምን እንደነበር አልነገረችውም። «ድምጿን ብቻ ልስማና እዘጋለሁ» ነበር ያላት። አሁን ያው ቃል ከራሷ አፍ ወጣ። ደነገጠች። እንዲያ የሚያለቅስ ሰው ውሸቱን ላይሆን እንደሚችል ያን ጊዜ ነው የገባት፤ ሲያለቅስ ከልቡ ይሆናል፤ ከልብ መሆን ግን በር ለማስከፈት አይበቃም። ተፈላጊዋ አይሆንም ብላለች። አበቃ።

ስልኩን ይዛ ብድግ አለች። ነጠላ ጫማዋን አዙራ እንዳደረገች እንኳ አላወቀችም። መንገዱን ተሻገረች። ፀጉር አስተካካዩ አንድ ጎረምሳ ወንበር ላይ አስቀምጦ ግማሽ ጭንቅላቱን ጨርሷል። እሷን ሲያይ ማሽኑን አጠፋው።

«የሚስጥር ቁልፉን ለውጠው» አለችው።

«እትዬ...»

«አሁን፣ እያየሁህ። ለኔም እንዳትነግረኝ። ካሁን ወዲያ ሳጥኑን መክፈት ያንተ ነው፤ እኔ ማስታወቂያውን አያለሁ፣ የድሮ ቁጥር ስትፈልግ ጠይቀኝ። ዛሬ አልከፈትኩትም። ነገን ግን አላምናትም።»

«ገጹ ያንቺ ነው እኮ! አንቺ ነሽ እዚህ ያደረስሽው።»

«ለውጠው ነው የምልህ!»

ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ነካካ። ስልኳ ላይ ገጹ ተዘጋባትና እንደ እንግዳ ስሟን ጠየቃት። እሷም አየችውና ስልኳን አጥፍታ ቀሚሷ ኪስ ከተተችው።

ፀጉር አስተካካዩ ያሳዝናል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ጠዋት ሙሉ በሆዱ የያዘው ነገር ፊቱን አሳብጦታል። «እትዬ፣ እኔ...» ብሎ ጀመረ።

«ዝም በል» አለችው። «እንዳትናገር። አንዲት ቃል ብትናገር ካንተ ጋር አበቃን። ጎበዝ ነህ፤ ሚስጥር እንዲህ ነው የሚያዝ።»

እዚያው ቆማ ቀረች። ምን ልትል እንደመጣች የጠፋባት ይመስል ነበር። ከዚያ ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ። ያቺ ጽሑፍ መቼ እንደምትላክ የምታውቅ እሷ ናት። ሦስት ዓመት ስትልካት ኖራለች። ተፈላጊው ከሞተ አትላክም። ካልተገኘም አትላክም። አንድ ሰው የሆነ ቦታ ስልክ አንስቶ፣ ሰምቶ፣ በገዛ አንደበቱ አይሆንም ሲል ነው የምትላከው። ወንበሩን ይዛ ቁጭ አለች። አለቀሰች፤ ለቅሶው መሐል ደግሞ ሳቋ መጣ። ሁለቱን መለየት አቃታት፤ ለመለየትም አልሞከረችም።

«አነሳች ማለት ነው» አለች። «ስልኩን አነሳች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ስቀብራት፣ እሷ...»

«እኔ ምንም አላልኩም!» አለ ፀጉር አስተካካዩ ደንግጦ።

«አላልክም። አፈር ስሆን ምንም አላልክም።»

ግማሽ ጭንቅላቱ ያልተላጨው ጎረምሳ ከመስተዋቱ ውስጥ አንዴ እሷን አንዴ እሱን ሲያይ ቆይቶ አላስችል አለው።

«ይቅርታ፣ እናቴ» አለ። «ማን ሞቶ ነው?»

እትዬ ሄሎ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ማንም» አለችው። «ማንም አልሞተም።»